ተማሪ ራሱን ከቆዳ ካንሰር እንዲጠብቅ የሚያደርገው ምንድን ነው?

የጤና ተማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የመመረቂያ ጥናቴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ራሳቸውን ከቆዳ ካንሰር እንዲጠብቁ ስለሚገፋፏቸው ነገሮች ነው። መጠይቁን እያረቀቅኩ ነው። ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል።

ክፍል ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ፀሐይ ቆዳ እንደምትጎዳ ያውቃል። ዩቪ (አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር) ካንሰር እንደሚያመጣም ሰምቷል። እኩለ ቀን ላይ ሜዳው ላይ ስወጣ ግን ኮፍያ ያደረገ ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ የሚቀባ ወንድማ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። የጤና ተማሪዎች የሆንነው እንኳ ከሌላው የተለየን አይደለንም።

ስለዚህ እውቀት ብቻ መጠየቅ ዋጋ እንደሌለው ገብቶኛል። እናንተን ልጠይቅ። የምትቀቡ፣ ኮፍያ የምታደርጉ፣ ጥላ ፈልጋችሁ የምትቀመጡ፣ ምን አነሳሳችሁ? የማታደርጉትስ ምን ያዛችሁ? መጽሐፍ ላይ ያለውን ሳይሆን የእውነቱን ንገሩኝ።

ሥነ ልቦና ማስተርስ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ያየሽው ነገር ስም አለው። ሐሳብና ድርጊት መካከል ያለ ክፍተት ይሉታል። ሰው «ከነገ ጀምሮ እቀባለሁ» ሲል ከልቡ ነው። ነገ ሲደርስ ግን ይረሳዋል፣ ወይም ክሬሙ ዶርም ቀርቷል፣ ወይም ረፍዶበታል።

ሌላው «እኔን አይነካኝም» የሚለው ስሜት ነው። ዋይንስታይን የሚባል ተመራማሪ በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ራሱ የተሠራው በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነበር። አብዛኛው ተማሪ ክፉ ነገር ከእሱ ይልቅ በሌሎች ተማሪዎች ላይ እንደሚደርስ ነበር የሚያምነው። ሁሉም ከአማካዩ የተሻለ ዕድለኛ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው። የቆዳ ካንሰር ላይ ይሄ ስሜት ይብሳል። ዛሬ የተቃጠልሽው ቆዳ መዘዙን የሚያመጣው ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ለ20 ዓመት ልጅ ደግሞ 50 ዓመት ሌላ ሰው ማለት ነው።

ስለዚህ መጠይቅሽ ውስጥ «ካንሰር ያስፈራሃል?» ከማለት ይልቅ «ባለፈው ሳምንት ፀሐይ ላይ ስትወጣ ምን አድርገሃል?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ደግሞ «ጓደኞችህስ?» በዪ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የበለጠ ሊነግርሽ ይችላል።

ሲቪል 3ኛ ዓመት፦

እሺ፣ እውነቱን ካላችሁ እኔ ልናገር። እኔ አልቀባም። ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ ይጣበቃል። ሰርቬይንግ (የመሬት ልኬት) ስንወጣ ላብና ክሬም ተቀላቅሎ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ያቃጥለኛል። ሁለተኛ፣ የሞከርኩት ሁሉ ፊቴ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ አመድ የነሰነሱበት ነው የሚመስለው። ሦስተኛ፣ ልጆቹ። አንዱ ልጅ አንድ ቀን ከቦርሳው ቱቦ አውጥቶ ሲቀባ ቀኑን ሙሉ ሲያበሽቁት ዋሉ። ከዚያ በኋላ እሱም ይዞ አልመጣም።

ኮፍያ ግን አደርጋለሁ። ኮፍያ ማንም ምንም አይለኝም። ሰፊ ባርኔጣ ባደርግ ግን ይሉኛል።

ብጉር የሰለቻት፦

እኔ በየቀኑ እቀባለሁ። ካንሰር ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። እውነቱ ይሄ ነው።

የጀመርኩት በብጉር ምክንያት ነው። ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ አዘዘልኝና «ይሄን እየወሰድሽ ፀሐይ ላይ እንዳትቆሚ፣ ቆዳሽ ቶሎ ይቃጠላል» አለኝ። ብጉሩ ሲድን ጥቁር ጠባሳ ተወ። ጠባሳው ፀሐይ ሲያገኘው ይብስ ይጠቁራል። ማዲያትም እንዲሁ ነው፣ ፀሐይ ያባብሰዋል። መስታወት ሳይ ልዩነቱን አየሁት። ከዚያ ወዲህ ሳልቀባ ከዶርም አልወጣም። ዶርም ያሉት ልጆችም እኔን አይተው ሁለቱ ጀምረዋል።

@ሲቪል 3ኛ ዓመት፣ ነጭ ሆኖ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ነው። ቀለም የተጨመረባቸው አሉ፣ ነጭ ሆኖ የማይቀር ጄልም አለ። በአንዱ ተማርረህ ሁሉንም አትተው።

ሥነ ልቦና ማስተርስ፦

@ብጉር የሰለቻት፣ የተናገርሽው ነገር በዚህ ዘርፍ ያሉ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት ነው። ወጣቱን ከካንሰር ይልቅ መልኩ ይቀሰቅሰዋል። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ አንድ ዘዴ አለ። ተማሪውን በአልትራቫዮሌት ካሜራ ፎቶ ያነሱታል። በዓይን የማይታይ የፀሐይ ጉዳት ፎቶው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ፊቱን እንደዚያ ያየ ተማሪ ሜላኖማ ስለሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር «ሜላኖማ ይገድላል» የሚል ወረቀት ካነበበው ይልቅ ይደነግጣል። የሚደነግጠውም ስለ ዛሬው ፊቱ ነው። የ50 ዓመቱ ሰው ጉዳይ አይደለም።

መልክን ማንሳት ደግሞ ማታለል አይደለም፣ እውነት ነውና። ኩዊንስላንድ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ናምቡር በምትባል ከተማ የተሠራ ትልቅ ጥናት አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ክፍሉ እንዳሳየው፣ ሰንስክሪን በየቀኑ እንዲቀቡ የተደረጉት ሰዎች ቆዳ በፈለጉ ጊዜ ብቻ ከሚቀቡት ጋር ሲነጻጸር ያረጀው 24 በመቶ ያነሰ ነበር። ዕድሜያቸው ከ55 በታች የሆኑ ሰዎች ናቸው የተመረመሩት።

የቆዳ ክፍል ነርስ፦

ልጆች፣ ውይይቱ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ልጨምር። መልኩ ይሁን፣ ጀማሪውን የሚስበው እሱ ከሆነ ጥሩ። ነገር ግን መልክ ብቻ ያስጀመረው ሰው ፊቱን ብቻ ይቀባል። እኛ ጋ የሚመጣው ቁስል ጆሮ ጫፍ ላይ ነው፣ ከንፈር ላይ ነው፣ የአንገት ጀርባ ላይ ነው። እዚያ ማንም መስታወት አያይም።

ናምቡር ካነሳችሁ አይቀር ዋናውን ልንገራችሁ። ከ1992 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. 1621 ሰዎች ተሳትፈዋል። በየቀኑ እንዲቀቡ የተነገራቸው ላይ ስኩዌመስ የሚባለው የቆዳ ካንሰር 40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ከዓመታት በኋላ ሲከታተሏቸው ሜላኖማም በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ይሄ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ሰዎቹ በዕጣ ነው የተመደቡት።

ሁለተኛው ችግር መጠኑ ነው። ቱቦው ላይ ኤስፒኤፍ 30 ወይም 50 ተብሎ የተጻፈው የመከላከል አቅም ቁጥር የሚሠራው በበቂ መጠን ሲቀባ ነው። ኤስፒኤፍ 30 ቆዳ ከሚያቃጥለው ዩቪቢ ጨረር 97 በመቶ ያህሉን፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ሰው ግን ከሚገባው መጠን ሩቡን ወይም ግማሹን ነው የሚቀባው። ለፊትና ለአንገት ብቻ በሌባ ጣታችሁና በመሃል ጣታችሁ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተዘረጋ ያህል ያስፈልጋል። ከመውጣታችሁ በፊት ተቀቡት፣ ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት፣ ካላባችሁም ድገሙት። «ተቀብቼ ተቃጠልኩ» የሚለኝ ተማሪ ብዙ ጊዜ ጠዋት እፍኝ የማይሞላ ተቀብቶ እስከ ማታ የዋለ ነው።

ከክሬሙ በፊት ልብስ ይቅደም። እጀ ረጅም ሸሚዝ በላብ ታጥቦ አይሄድም፣ አያልቅም፣ ዓይን ውስጥም አይገባም።

ታዛቢ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና ይሄ ሁሉ ለነጭ ሰው አይደለም እንዴ? ጥቁር ቆዳ ሜላኒን የሚባለው የቆዳ ቀለም አለው። እኔ በሕይወቴ ፀሐይ አቃጥሎ ልጦኝ አያውቅም። ተማሪው የማይቀባው ስንፍና ስለያዘው ሳይሆን ስለማያስፈልገው ነው የሚመስለኝ።

የቆዳ ክፍል ነርስ፦

@ታዛቢ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት ይዞራል። ስለዚህ በትክክል መመለስ አለበት።

ሜላኒን በእርግጥ ይከላከላል። የጥቁር ቆዳ የተፈጥሮ መከላከያ ኤስፒኤፍ 13 ገደማ ያህል ነው ተብሎ ተገምቷል። የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሰው ላይ ከነጩ ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። ይሄን ሳልሸፋፍን ነው የምነግርህ። ማጋነን ሰዉን ያርቀዋል፣ ሐኪሙንም ያስንቀዋል።

ግን ጥቂት ማለት የለም ማለት አይደለም። ሲመጣ ደግሞ ማንም ስለማይጠብቀው ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። ቦታውም ሌላ ነው። የእግር መርገጫ፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ቦብ ማርሊን የገደለው ይሄ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. እግሩ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት፣ በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ አረፈ። ይሄኛው ዓይነት ዋና መነሻው ፀሐይ አይደለም፣ ስለዚህ ክሬም አያድንም። እግርን ማየት ግን ያድናል።

ስለዚህ ጥቁር ቆዳ ላለው ተማሪ ምክሬ እንዲህ ነው። እጅግ ከባድ ፀሐይ ላይ ራስህን ጠብቅ። ብዙ ውጭ የምትውል ከሆነ ልብስና ኮፍያ አድርግ። እግርህንና ጥፍርህን በየወሩ አንድ ጊዜ ተመልከት። ከዚህ ሌላ በማያስፈልግህ ነገር ራስህን አታስጨንቅ።

ነጭ ፀጉር፦

እኔ አልቢኒዝም አለብኝ። ሁለተኛ ዓመት ነኝ። «ጥቁር ሰው አያስፈልገውም» ሲባል እኔም ጥቁር ሰው እንደሆንኩ አስታውሱ። ሜላኒን ግን የለኝም። ለእኔ ይሄ የመልክም የፋሽንም ጉዳይ አይደለም።

እኔን ራሴን እንድጠብቅ ማንም ማሳመን አያስፈልገውም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እናቴ ኮፍያና እጀ ረጅም ሳላደርግ በር አታስወጣኝም ነበር። ችግሬ ሌላ ነው። ምዝገባ ሲደርስ ሰልፉ ውጭ ነው፣ ያውም በቀትር። ስፖርት ትምህርት እኩለ ቀን ላይ ነው። ፈተና ስገባ ተቆጣጣሪው «ኮፍያ አውልቅ» ይለኛል፣ እሺ ብዬ አወልቃለሁ። ስወጣ ግን ሌሎች ኮፍያዎች ላይ ተቆልሎ ፈልጌ እስካገኘው ፀሐይ ላይ እቆማለሁ። ክፍል ውስጥ የመስኮቱ ዳር የምቀመጠው ዓይኔ ከሩቅ በደንብ ስለማያይ ከሰሌዳው እንድቀርብ ነው፣ መስታወቱ ግን ዩቪኤ የሚባለውን የፀሐይ ጨረር ያስገባል።

ለጤና ተማሪዋ፣ መጠይቅሽ ላይ ይሄን ጨምሪልኝ። «መጠበቅ ፈልገህ ያልቻልክበት ሁኔታ አለ?» ሁሉም ሰው ተማሪው ፈቃደኛ እንዳልሆነ ነው የሚያስበው። እኔ ፈቃደኛ ነኝ። ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ነው ያላሰበበት።

የጤና ተማሪዋ፦

@ነጭ ፀጉር፣ በጣም አመሰግናለሁ። ይሄ ጥያቄ በእርግጠኝነት ይገባል። ረቂቄ ውስጥ ሁሉም ጥያቄ የተማሪውን ጭንቅላት ብቻ ነው የሚመረምረው። ሰልፍ፣ ፕሮግራም፣ ጥላ የሚል አንድም የለውም።

ጂኦሎጂ ነኝ፦

ስለ ልማድ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ፊልድ ሥራችን ላይ ማናችንም አልተቀባንም። ከፍታ ቦታ ነበር። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር ዩቪ 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ክፍል ተምረናል፣ ፈተናም ላይ ጽፈናል። ግን አየሩ ብርድ ብርድ ይል ስለነበር ማንም ፀሐይ አላሰበም። ዩቪ በሙቀት አይለካም፣ ደመናም ብዙውን ያሳልፋል። ማታ ሁላችንም አፍንጫችንና አንገታችን ነደደ። ጓደኛዬ ከቀናት በኋላ አፍንጫው ተላጠ።

በሁለተኛው ፊልድ የወጣው መምህር ሌላ ነበር። ገና ከመኪና ሳንወርድ ኮፍያውን አደረገ። ከዚያ ቱቦ አውጥቶ ጆሮውን፣ አንገቱን፣ የእጁን ጀርባ ሁሉ ተቀባ። ምንም ንግግር አላደረገም። ቱቦውን ከጎኑ ለተቀመጠው ልጅ ሰጠና «አሳልፍ» አለው። ቱቦው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ መጨረሻው ወንበር ደረሰ። ወንዱም ሴቱም ተቀባ። ያበሸቀ ሰው አልነበረም። ሁሉም እያደረገው ማን ማንን ያበሽቃል?

@ሲቪል 3ኛ ዓመት፣ ያ ልጅ ብቻውን ስለነበር ነው ያበሸቁት።

ሲቪል 3ኛ ዓመት፦

ልክ ነሽ። መምህሩ ቢጀምረው እኔም እቀባ ነበር።

ሥነ ልቦና ማስተርስ፦

ጂኦሎጂዋ በአንድ ታሪክ ብዙ ነገር ነካች። ክሬሙ እጃቸው ላይ ደረሰ፣ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። የሚያከብሩት ሰው ሲያደርግ አዩ። ጓደኞቻቸው ሁሉ አደረጉ። ኤጅዘን የሚባለው ሰው ባወጣው የታቀደ ባህሪ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ይሄ ሁሉ አለ። የራስ አመለካከት፣ የሌሎች ግፊት፣ «እችለዋለሁ» የሚል እምነት። ተማሪ ላይ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዋጋው፣ የት እንደሚገኝ፣ የቱ እንደሚስማማው፣ እንዴት እንደሚቀባ ካላወቀ «ጠቃሚ ነው» ብሎ ማመኑ የትም አያደርሰውም።

ማስታወሻም ይረዳል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 70 ሰዎችን ለ6 ሳምንት ተከታትሏል። ግማሾቹ በየቀኑ ስለ አየሩ ሁኔታና ስለ ሰንስክሪን አጭር የስልክ መልእክት ይደርሳቸው ነበር። እነሱ 56 በመቶ ያህሉን ቀናት ሲቀቡ፣ መልእክት ያልደረሳቸው 30 በመቶ ብቻ ነው የተቀቡት። የጎደለው ትምህርት አልነበረም፣ ማስታወስ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ 6 ሳምንትም አጭር ነው። ሆኖም ለተማሪ ስልክ ቅርቡ ስለሆነ መሞከር ያለበት ይመስለኛል።

ራሳችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት ደግሞ ልማዱን ሌላ ልማድ ላይ ማሰር ነው። «ጥርሴን ቦርሼ ስጨርስ እቀባለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው «እየተጠነቀቅኩ እቀባለሁ» ካለው ይልቅ ይቀናዋል። ቱቦው ከጥርስ ብሩሹ ጎን ይቀመጥ።

ውጭ የተማረ፦

የአገሩም ባህል ይወስናል። እኔ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ቆዳቸው ነጣ ያለ ተማሪዎች ሆን ብለው ነበር ፀሐይ ላይ የሚተኙት። ጠይም መሆን ለእነሱ ጤንነትና ዘመናዊነት ነው። ከዕረፍት ጠይመው ካልተመለሱ ያረፉ አይመስላቸውም። አንዳንዶቹ ፈተና ሲያልቅ በክፍያ ቆዳ የሚያጠይም ማሽን ውስጥ ይገባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እነዚህን ማሽኖች በ2009 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠው የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ከቷቸዋል። ሲጋራም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ብራዚል በዚያው ዓመት ከለከለቻቸው። ልጆቹ ግን ይሄን እያወቁ ይገቡ ነበር። የሚገፋፋቸው የጓደኛ ዓይን ነው፣ መረጃ አይደለም።

ስለዚህ እኔ በግለሰብ ምክር ብቻ አላምንም። አውስትራሊያን እዩ። በ1981 እ.ኤ.አ. አንድ የባሕር ወፍ ካርቱን በቴሌቪዥን እየዘፈነ «ሸሚዝ ልበሱ፣ ክሬም ተቀቡ፣ ኮፍያ አድርጉ» ማለት ጀመረ። ካርቱኑ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይረሳ ነበር። ትምህርት ቤቶች ኮፍያ የሌለው ልጅ ጥላ ውስጥ ብቻ እንዲጫወት ደነገጉ። ጥላ ተሠራ። የማጠየሚያ ማሽን የንግድ አገልግሎትም ቆየት ብሎ ተከለከለ። ዩኒቨርሲቲዎችስ? ዛፍ መትከል፣ ሰልፉን ከቀትር ማንሳት፣ ስፖርቱን ወደ ጠዋት ማምጣት ምን ያህል ይከብዳል?

ነጭ ፀጉር፦

ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ሰልፉን ከቀትር ያንሱልኝ እንጂ ቀሪውን እኔ እችለዋለሁ።

የጤና ተማሪዋ፦

እስካሁን በሰበሰብኩት ላይ ተመሥርቼ መጠይቁን እንደገና እየጻፍኩ ነው። የገቡት አዲስ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ምን አደረግህ? ጓደኞችህ ሲቀቡ ታያለህ? ሲያበሽቁ አይተሃል? ትወድደው የነበረውን ሰንስክሪን ያስተወህ ምንድን ነው? የሚጠብቅህ ነገር ቦርሳህ ውስጥ አሁን አለ? መጠበቅ ፈልገህ ያልቻልክበት ጊዜና ቦታ የት ነው? እግርህን አይተህ ታውቃለህ?

የመጨረሻውን የጨመርኩት ሲስተር ያሉትን ካነበብኩ በኋላ ነው። ለጠቆረ ቆዳ የሚሠራ ጥናት ክሬም ብቻ ቢጠይቅ ዋናውን ያልፈዋል።

@ሥነ ልቦና ማስተርስ፣ «ካንሰር ያስፈራሃል?» የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ አላወጣሁትም። ቤተሰቡ ውስጥ የታመመ ሰው ያለው ተማሪ ሌላ መልስ ይሰጣል ብዬ ስለማስብ አስቀርቼዋለሁ።

ሥነ ልቦና ማስተርስ፦

ጥሩ አድርገሻል። ሲታመም ያየው ሰው ያለው ተማሪ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ዝም ብለሽ ግን አታስፈራሪ። ሮጀርስ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው ንድፈ ሐሳብ እንደሚለው፣ ፍርሃት የሚሠራው መውጫው አብሮ ሲነገር ነው። መውጫ የሌለው ፍርሃት ሰውን ዓይኑን እንዲጨፍን ነው የሚያደርገው።

ሲቪል 3ኛ ዓመት፦

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ካነበብኩ በኋላ እግሬን ተመለከትኩ። ግራ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተሰመረ ቡናማ መስመር አለ። መቼ እንደመጣ አላውቅም። ልፍራ?

የቆዳ ክፍል ነርስ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተረጋጋ። በጥቁር ሰው ጥፍር ላይ እንዲህ ያለ መስመር በጣም የተለመደ ነው፣ አብዛኛውም ምንም አይደለም። ብዙ ጊዜ ከአንድ ጥፍር በላይ ላይ ይገኛል፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ ለዓመታትም ሳይለወጥ ይቆያል።

እነዚህን ግን አሁን ተመልከት። መስመሩ ያለው አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ነው? ስፋቱ ከ3 ሚሊሜትር ይበልጣል? ወደ ሥሩ ሲጠጋ ይሰፋል? ቀለሙ እኩል ነው ወይስ ጠቆር ፈዘዝ እያለ ይሄዳል? ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ሥጋው ወይም በዙሪያው ወዳለው ቆዳ ፈስሷል? ጥፍሩ ተሰንጥቋል ወይም ደምቷል? የመጨረሻዎቹ ከታዩ ቀጠሮ አትጠብቅ።

አንተ የጠቀስከው አንድ ጥፍር ብቻ ነው፣ መቼ እንደጀመረም አታውቅም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሄደህ አሳይ። ዛሬ ከጎኑ ማስመሪያ አድርገህ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሳው። ለሐኪሙ ታሳየዋለህ፣ ከወራት በኋላ መጠኑን ለማነጻጸርም ይጠቅምሃል። ጥፍሩን አትፋቀው፣ ቀለምም አትቀባው። ሐኪሙ ሲያይህ ካልሲህን ሁለቱንም አውልቅ፣ መርገጫህንም ያይልህ።

ሲቪል 3ኛ ዓመት፦

ሥጋው ላይ አልፈሰሰም። ስፋቱ ግን 3 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ሐሙስ የቤተ ሙከራ ትምህርት የለኝም፣ ያኔ እሄዳለሁ።

የቆዳ ክፍል ነርስ፦

ሐሙስ ጥሩ ነው። ያሉህን እዚሁ ጻፍልን።